ጊምቢቹ ገበያ ላይ የለቀቅኩት ዜማ

በጃንሆይ ዘመን በሆሳዕና ዙሪያ ክራር ይዞ የሚዞር ሰው ሁለት ስም ነበረው። ጠጅ ቤት ውስጥ «አዝማሪ» ይሉታል፤ የወንጌል አማኞቹ ደግሞ «የዓለም ሰው» ይሉታል። እኔ አዝማሪ አልነበርኩም። አዝማሪ ሌላ ሰው የወረወረለትን ግጥም ተቀብሎ ያዜማል፣ ሰው ያወድሳል፣ የተወደሰውም ሳንቲም ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። እኔ ግጥሙንም ዜማውንም ራሴ ነበርኩ የምሠራው። ማንንም አላወደስኩም፤ እንዳልወፈርኩ ከዚህ ይታወቃል። «የዓለም ሰው» የሚሉኝ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። እነሱ ከየት ነበሩ?

ሆሳዕና ውስጥ ብዙ ጊዜ የምጫወትበት ጠጅ ቤት ከገበያው በላይ ነበር። ባለቤቷ ባሏን ተከትላ ከሰሜን የመጣች፣ ባሏ ሲሞት እዚያው የቀረች ሴት ናት። ግድግዳዋ ላይ የጃንሆይ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከፎቶው ሥር ያለው አግዳሚ የሹማምንት ነው፣ በሩ ጋ ያለው የእኛ። ገበያ ቀን ከቀትር በኋላ ቤቱ ይሞላል። የጽሕፈት ቤት ጸሐፊዎች፣ ፖሊሶች፣ ነጋዴዎች፣ እህላቸውን ሸጠው ጉሮሯቸውን ሊያርሱ የገቡ የገጠር ሰዎች። እኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ግማሹን በሀዲይኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እዘፍናለሁ። አማርኛዬ ያን ጊዜ የገበያ አማርኛ ነበር። ይበቃኝ ነበር።

አንድ ቀን ከፎቶው ሥር ከተቀመጡት አንዱ ጸሐፊ ብርሌውን ከፍ አድርጎ፣

«ተቀበል!» አለኝ።

«ምኑን?»

«ግጥም ነዋ! እኔ እሰጥሃለሁ፣ አንተ ታዜማለህ። አዝማሪ አይደለህም እንዴ?»

«አይደለሁም ጌታዬ። የራሴ አለኝ።»

«የራሴ!» አለና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰማችሁልኝ? ፊደል ያልቆጠረ ሰው የራሱ ግጥም አለው!»

«እርስዎ ፊደል ቆጥረዋል» አልኩት፤ «ታዲያ ለምን ራስዎ አያዜሙትም?»

በሩ ጋ ያለው አግዳሚ ሳቀ፣ ከፎቶው ሥር ያለው ብርሌውን አስቀመጠ። ባለቤቷ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች መጥታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደንበኛ አስቀየምክብኝ፤ እንጨትህን ይዘህ ውጣልኝ» አለችኝ። ወጣሁ። በሚቀጥለው ገበያ ግን ራሷ ሰው ልካ አስጠራችኝ፤ የበሩ አግዳሚ ባዶ ሆኖባት ነበር። «ምላስህን ቤትህ ትተህ ና» የሚል መልእክትም ጨምራለች። ምላሱን ቤት ትቶ የሚዘፍን ሰው ካለ ታምጣው።

ፊደል የማያውቅ ሰው ዘፈን የሚሠራበት የራሱ መንገድ አለው። የእኔ መንገድ በእግር ነበር። ጊምቢቹ፣ ሀቢቾ፣ ሲያሰኘኝም ወደ ከምባታ ተሻግሬ አንጋጫና ሺንሺቾ፤ የገበያ ቀናቸው ስለሚለያይ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ አንድ ስንኝ እያላመጥኩ እሄዳለሁ። ስደርስ እዘፍነዋለሁ። ጽፌ የማስቀምጥበት የለኝምና ገበያተኛው ነበር ወረቀቴ። በሚቀጥለው ገበያ ስመለስ አንዲት ቅቤ ሻጭ ወይም አንድ አህያ ነጂ ያንን ስንኝ ሲያንጎራጉር ካገኘሁት፣ ስንኙ ነፍስ ዘርቷል፣ እይዘዋለሁ። ማንም ካላስታወሰው እኔም እተወዋለሁ። ብዙ ዘፈን በዚህ መንገድ ቀብሬያለሁ። አዲስ አበባ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ መለከት እየተነፋላቸው የሚዘፍኑት ገጣሚ አላቸው፣ ዜማ ደራሲ አላቸው፣ ደመወዝም አላቸው ሲባል እሰማ ነበር። እኔ የነበረኝ ገበያተኛ ነው። ገበያተኛ ጨካኝ ነው፣ ግን አይዋሽም።

የምዘፍነውም ያየሁትን ነው። ዝናብ ስለበላው መንገድ፣ ምርቱን ለባለርስት አካፍሎ ባዶ ስልቻ ትከሻው ላይ ጥሎ ስለሚመለስ ሰው፣ እንሰት ስትፍቅ ስለምትውል ሴት ክንድ። ፖሊሶቹ ስለ ስልቻው ያለውን አይወዱትም ነበር። አልከለከሉኝም፤ ሲጀመር ብቻ አንዱ ተነሥቶ በሩ ላይ ይቆማል። ገብቶኝ ወደ መንገዱ ዘፈን እሻገር ነበር። ጀግና ነበርኩ አልልም።

ሰርግም ይጠሩኛል። በእኛ አገር ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት ስትወጣ አባት በር ላይ ቆሞ ቅቤ ከአናቷ ያደርግላታል፣ ይመርቃታል። ያን ጊዜ ወንዱ ሁሉ ጉሮሮው ይዘጋል። ለዚህ ነበር እኔን ከጎናቸው የሚያቆሙኝ፤ አባትየው ሊለው ያቃተውን እኔ በክራር እላለሁ። የስንቱን ሰው ልጅ እንዲህ ሸኝቻለሁ። ሁልጊዜ ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር ለራሴ እነግረው ነበር፦ የእኔዋ የምትወጣ ቀን በገዛ ደጄ ቆሜ፣ ለእሷ ብቻ የተሠራ ዘፈን እዘፍንላታለሁ። ያለችኝ አንዲት ልጅ ነበረች። የምሰጣት ሌላ ነገር አልነበረኝም። የማርሰው መሬት የባለርስት ነው፣ ወተት የምታጠጣን ላም ከጎረቤት ጋር የጋራ ናት። ዘፈኑ ብቻ ነበር ማንም አካፍለኝ ያላለኝ።

ባለቤቴ ልጃችን ትንሽ ሳለች ወንጌል ተቀበለች፤ ልጅቷንም ወደ ጸሎት ቤታቸው ይዛ ትሄድ ጀመር። እኔን አልጎተተችኝም። ክራሩ የተሰቀለበትን ግድግዳ ግን ስትጠርግ ዘላዋ ነበር የምታልፈው፤ በእጇ ነክታው አታውቅም። አልፈረድኩባትም። በዚያን ዘመን አዲስ ያመነ ሰው የድሮውን ነገር በአደባባይ ያወጣል፤ የቃልቻ ዶቃ፣ የመሥዋዕት ዕቃ፣ የተፈራውና የተመለከው ሁሉ ተከምሮ ይቃጠላል። ዶቃው ይቃጠል፣ ግድ የለኝም። ግን ሀቢቾ ላይ አብሮኝ ይጫወት የነበረ ሰው ባመነ ጊዜ ክራሩን ከዚያ ክምር ላይ ሲጥል አየሁ። ማንም ጣለው አላለውም፤ እሱም ከልቡ ከዶቃው ጋር አንድ መስሎት ነው። ጅማቱ በእሳቱ ውስጥ እየተበጠሰ ሲጮህ ሰዎቹ «መንፈሱ እየወጣ ነው» ተባባሉ። ጅማት እሳት ሲነካው ይጮሃል! ክራር መንፈስ የሚጠራ ቢሆን ኖሮ እኔ ያን ሁሉ መንገድ ብቻዬን ባልሄድኩት።

ልጄ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ዘፈኗን ጀመርኩ። መንገድ ላይ ብቻ አልበቃኝም፤ ከቤት ጀርባ እንሰቱ ውስጥ ገብቼም እሠራው ነበር፣ ማንም አይሰማኝም ብዬ። ቃሉ በሀዲይኛ ነው። ወደ አማርኛ ሳመጣው ያነክሳል፤ ይሁን፦

ላሙን የሸጠ ሰው
ገመዱን ይዞ ይመለሳል፤
አንቺን የሸኘሁ እኔ
በእጄ ምን ይቀራል?

በእኛ ገበያ ከብት የገዛ ሰው በራሱ ገመድ ይነዳል፤ ሻጩ የራሱን ፈትቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ባዶ ገመድ ይዞ የሚመለስ ሰው ያላየ የእኛ አገር ሰው የለም። ሌላም ስንኝ ነበረው፦ «በሬን አልዘጋውም፣ ዝናቡም ይግባ» የሚል። ዜማው ሦስት ጊዜ ይወርዳል። ሁለቱን ቀጥ ብሎ ይወርድና ሦስተኛው ላይ፣ ልክ ሊያርፍ ሲል፣ ትንሽ ይቆማል። እግሩን አንሥቶ መልሶ እንደሚያስቀምጥ ሰው። ከዚያ ነው የሚወርደው። ያቺን ማቆሚያ ለማግኘት ስንት ጫማ ጨርሻለሁ። እሷ ከሌለች ዘፈኑ ደረጃ መውረድ ብቻ ነው።

ቃሉን ገበያ ላይ ላወጣው አልፈለግኩም። ቅቤ ሻጭ ሁሉ ካንጎራጎረው በኋላ ምኑን የእሷ ሆነ? ግን ገበያ ያልፈተነውን ዘፈን ማመን ደግሞ አልቻልኩም፤ ልማድ ነው። ስለዚህ ቃሉን እቤት ትቼ ዜማውን ብቻ ይዤ ጊምቢቹ ሄድኩ። እዚያ ከሸክላ ሻጮቹ ጎን ተቀምጬ በክራር ለቀቅኩት፤ በአፌ «ሆ» ብቻ እያልኩ።

«ቃል የለውም እንዴ?» አለችኝ አንዲት ሸክላ ሻጭ።

«አለው።»

«ታዲያ?»

«ባለቤት አለው።»

«ውይ! ዘፈን ባለቤት ሲኖረው ዛሬ ገና ሰማሁ» ብላ ሳቀችብኝ። በሚቀጥለው ገበያ ስመጣ ግን ያቺው ሴት ማሰሮዎቿን በጭድ እየጠቀጠቀች ዜማውን ታንጎራጉረዋለች። ነፍስ ዘርቷል።

ቆይቶ ደግሞ ጎረቤቴ ሌላ ወሬ ይዞልኝ መጣ። ይህ ጎረቤቴ ሙስሊም ነው፤ ከሆሳዕና ወደ ከምባታ የሚመላለስ የነጋዴ ጭነት መኪና ይነዳ ነበር። «አንተ፣ ያቺ የጊምቢቹ ዜማህ እኮ ሺንሺቾ ገብታለች» አለኝ።

«ማን ሲያዜማት ሰማህ?»

«እኔ ምን አውቄ! መኪና እየነዳሁ ነው። ሰው ነው፣ ብዙ ሰው።»

ብዙ ሰው! ደረቴ ተነፋ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያዜመው የት እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ሰው ሲሞገስ ጆሮው ግማሽ ይሆናል።

በዚያው ዓመት ከሺንሺቾ ሽማግሌ መጣ። የሚያገባት ልጅ አስተማሪ ነው፤ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ግን የተናገረው የሚሆንለት ግዙፍ ሰውዬ። ልጄን ጠየቁ፣ ሰጠሁ። ምግብ ቀርቦ ከተበላ በኋላ አባትየው እጁን ታጥቦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«አንድ ነገር እናስቸግርዎታለን» አለኝ። «ሰርጉ የጌታ ሰርግ እንዲሆን ነው።»

«የማን ሰርግ?»

«የጌታ።»

«እኔ የልጄ መስሎኝ ነው የሰጠሁት።»

ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ ሆና ሳል አሰማች። አባትየው አልተቆጣም። «ጠጅ እንዳይቀርብ፣ ክራር እንዳይነካ፣ የዓለም ግጥም ከአፍ እንዳይወጣ ነው የምንለምነው። ያለዚያ ወንድሞቻችን ከግቢዎ አይገቡም።»

«ጠጁን እሺ። ክራሩ ምን አደረጋችሁ?»

«ሰውን ወደ ጠጅ ቤት ይጠራል።»

«እሱ ማንንም ጠርቶ አያውቅም። እኔ ነኝ በትከሻዬ ተሸክሜ የምወስደው።»

አንዱ ወጣት ሽማግሌ ሊስቅ ብሎ አፉን በጋቢው ያዘ። አባትየው ግን እየጠበቀ ነው። «ልሰብበት» ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ከቤት ጀርባ እንሰቱ መሀል ገብቼ ቆምኩ። ልጄ ተከትላኝ መጣች።

«አባባ፣ እሺ በላቸው።»

«አንቺም ክራሩ ያሳፍርሻል ማለት ነው?»

«አላልኩም።»

«ታዲያ?»

የእንሰቱን ቅጠል ጫፍ ቀደደች። «ሰውየው ደግ ነው» አለች። «ሌላ ደግ ሰው እስኪመጣ ልጠብቅ?»

ዘፈን ሠርቼልሽ ነበር ልላት አሰብኩ። ተውኩት። ይህን ብነግራት ሸክሙን ትከሻዋ ላይ መጫን ይሆናል፤ የዘፈንም ቦታው ደጅ ነው እንጂ እንሰት ውስጥ አይደለም። ገብቼ «እሺ» አልኳቸው። ጸለዩልኝ። በዚያ ጸሎት ውስጥ ዓይኔን ሳልጨፍን ግድግዳው ላይ ያለውን ክራር እያየሁ፣ የሰው ሁሉ ደጅ ላይ ስጮህ ኖሬ በገዛ ደጄ ድዳ ልሆን ነው አልኩ በልቤ። ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ የሚከለከል ነገር እንዳለ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ዳሱ ተጥሏል፤ ከቡላ የሚሠራው አተካና በቅቤ ረጥቦ በገበታ ቀርቧል፤ በጠጅ ፋንታ ብርዝ ተበርዟል። ከጠጅ ቤት ወዳጆቼ ሁለቱ መጥተው ብርዙን ቀመሱና «ይሄ ጠጅ ገና ፊደል አልቆጠረም» ብለው በጊዜ ሄዱ። ወደ ቤት ስገባ ክራሩ ከግድግዳው ላይ የለም።

«የት አደረግሽው?» አልኳት ባለቤቴን። ከእሳቱ ክምር ሌላ ነገር አልታየኝም።

«አትጩህ። እኔ አልጋ ላይ ነው።»

ሄጄ አየሁት። በራሷ ነጠላ ተጠቅልሎ ትራሷ አጠገብ ተኝቷል። «ሰው ይበዛል፣ እንዳይረግጡብህ ብዬ ነው» አለችና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ያን ሁሉ ዓመት ያልነካች ሴት በእጇ አንሥታዋለች። ስለዚህ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተነጋግረን አናውቅም።

ከቀትር በፊት ሙሽራው በጎረቤቴ የጭነት መኪና መጣ። ከኋላ መዘምራኑ ተጭነዋል፤ ነጭ የለበሱ ወጣቶች፣ ወንዶቹ አቧራ የጠጡ፣ ሴቶቹ ጸጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ። ገብተው ዘመሩ። እውነቱን ልናገር፣ ድምፃቸው ጥሩ ነበር። የሰው ድምፅ ብቻውን ሲቆም ምን ያህል እንደሚሸከም በደንብ ያውቃሉ። እኔ ከዳሱ ምሰሶ ተደግፌ እጆቼን የት ላድርጋቸው ስል ነበር። የሚይዙት ያጣ የክራር ተጫዋች እጅ እንግዳ ነገር ነው፤ የሰው እጅ ይመስላል።

የመውጫዋ ሰዓት ደረሰ። ልጄ ከነሚዜዎቿ ከውስጥ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ባለቤቴ ቅቤውን በእንሰት ቅጠል አድርጋ አቀበለችኝ፤ ቅቤውን የሙሽራው አባት የድሮ ልማድ ነው ብሎ አልከለከለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ያን ጊዜ የመዘምራኑ መሪ ወደ ፊት ወጣ። ቀጭን፣ ዓይኑ ከጾም ብዛት የጎደጎደ ልጅ እግር ነው፤ እሱም እንደ ሙሽራው አስተማሪ ነው።

«ወገኖቼ» አለ፣ «አሁን የምንዘምረው መዝሙር አዲስ ነው። ጊምቢቹ ሳስተምር ሳለሁ፣ ጾሜ ስጸልይ፣ ጌታ ዜማውን በልቤ አስቀመጠልኝ።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

ጀመሩ። የመጀመሪያው መውረጃ ላይ ነው ያወቅኩት። ላምህ በመቶ ከብት መሀል ስትጮህ እንደምታውቃት። ቅቤው በእጄ ላይ ቀልጦ በጣቶቼ መሀል ይወርዳል፤ እኔ እንደ ምሰሶው ቆሜያለሁ። ሹፌሩ ጎረቤቴ ከኋላዬ ተጠግቶ፣

«አንተ፣ ይሄ ያንተ አይደለም እንዴ?» አለኝ በጆሮዬ።

«ዝም በል።»

«ወላሂ ያንተ ነው!»

«ዝም በል አልኩህ።»

ልጁ ዋሸ አልልም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ አልዋሸም። ጊምቢቹ ሲኖር ገበያ ወጥቷል፣ ማሰሮ ገዝቷል፣ የማሰሮ ሻጯን እንጉርጉሮ ሰምቶ ሰማሁ ሳይል ቤቱ ገብቷል። ከዚያ ሲጾም፣ ሆዱ ባዶ ጆሮው ክፍት ሲሆን፣ መጣለት። ከየት እንደመጣ የማታውቀው ነገር ከሰማይ የመጣ ይመስላል። ቃል ቢኖረው ኖሮ «የአዝማሪ ዘፈን ነው» ብሎ ይሸሸው ነበር። እኔ ነኝ ራቁቱን የለቀቅኩት። ራቁቱን መንገድ ላይ ያገኘውን ልጅ ደግ ሰው ልብስ ያለብሰዋል፤ ያለበሱትም የራሳቸውን ልብስ ነው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሦስተኛውን መውረጃ ነው። ማቆሚያዋን ጥለዋታል! ቀጥ ብለው፣ እንደ ድንጋይ፣ ዱብ። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ዱብ፣ ሁለተኛው ላይም ዱብ። ልጄ በሩ ላይ ቆማለች፣ ከዚህ ደጅ አንድ ጊዜ ነው የምትወጣው፣ ዘፈኗ ደግሞ እግሩ ተሰብሮ እየተዘፈነላት ነው።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ አፌን ከፈትኩ። ምን ቃል ልበል? የእኔ ተከልክሏል፣ የእነሱን አላውቀውም። «ሆ» አልኩ። የገበያ ድምፅ ነው ያለኝ፣ አህያና ሻጭ በሚጮሁበት መሀል የሚሰማ። መሪው ደንግጦ ዞረ። ወጣቶቹ ግን ወጣቶች ናቸው፣ የጠነከረ ድምፅ ሲያገኙ ይከተላሉ። አንደኛውን ወረድን። ሁለተኛውን ወረድን። ሦስተኛው ላይ እጄን ከነቅቤው አንሥቼ ያዝኳቸው፤ ቆሙ። ትንሽ። እግሩን አንሥቶ መልሶ እንደሚያስቀምጥ ሰው። ከዚያ አብረን ወረድን። መሪው ልጅ ዓይኑ ተከፈተ። ስንኙን ደገመው፣ በራሱ ፈቃድ፣ እኔን እያየ፤ በዚህኛው ማቆሚያዋን ሁሉም ጠበቋት።

ጠጅ አልቀረበም፤ ክራሩ በሚስቴ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ከአፌ አንድ የዓለም ቃል አልወጣም። ከገባሁት ቃል አንዱንም አላፈረስኩም። የሙሽራው አባት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያለቅሳል።

ያኔ ወደ ልጄ ፊት ዞርኩ። መዘምራኑ የራሳቸውን ቃል ይላሉ፣ እኔ ቃል የለኝም፤ የእሷ ከንፈር ግን ሌላ ነገር እያለ ነው። ድምፅ የለውም። ገመዱን ነው የምትለው። ላሙን የሸጠ ሰው፣ ገመዱን ይዞ ይመለሳል። እንሰቱ ውስጥ ማንም አይሰማኝም ያልኩት እኔ ሞኝ ነኝ፤ ለካ ከመጀመሪያው አንሥቶ ሁሉንም ሰምታለች፣ ሁሉንም ይዛለች፣ አንድም ቀን አልነገረችኝም።

ቅቤውን ከአናቷ አደረግኩ። በዛና በጆሮዋ በኩል ወረደ። መመረቅ ነበረብኝ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ እንደ ሌሎቹ አባቶች ሁሉ። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ስትስም ቀስ ብላ በቋንቋችን፣

«አባባ፣ በሩን ግን ዝጋው» አለችኝ። «ዝናብ ይገባል።»

መኪናዋ ላይ ወጣች፤ ሄዱ።

የሙሽራው አባት ከመሳፈሩ በፊት እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ወንድሜ! መዝሙራችንን እንዴት በአንዴ ያዙት!» አለኝ።

«ጥሩ ዜማ ነው።»

«ጌታ የሰጠን ነው።»

«አዎ» አልኩት፣ «በጊምቢቹ በኩል አድርጎ።»

«ጊምቢቹም ምእመናን አሉን!» አለኝ ደስ ብሎት። ደስ ብሎት ይሂድ አልኩ።

ከዚያ በኋላም ጠጅ ቤቱ ውስጥ ዓመታት ተጫውቻለሁ። አንድ ገበያ ቀን ያንን ዜማ በክራር ብጀምረው ከበሩ አግዳሚ አንዱ የእኛ ሰው፣ ራሱ ሦስተኛ ብርሌውን የያዘ፣ «አንተ! መዝሙር በጠጅ ቤት ይዘፈናል? ነውር አይደለም እንዴ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ባለቤቷ እንኳ፣ እምነቷ ሌላ የሆነው፣ «የሰው ጸሎት ተው» አለችኝ። ገበያተኛ አይዋሽም ብዬ ነበር፤ አሁንም እላለሁ። ለእነሱ መዝሙር ነው። አቆምኩት። የራሴን ዜማ የማልጫወትበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር እስከዚያ ድረስ፣ እሱም ደጄ ነበር። ሁለት ሆነ።

ፊደል የተማርኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ጸጉሬ ሲሸብት ነው። ልጄን ልጠይቃት ሺንሺቾ ስሄድ፣ «ዜማው ሄዷል፣ ቃሉ ደግሞ እኔና አንተ ጋ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለታችን ስንሞትስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቃሉን ገበያ አልወሰድኩትም፤ ስለዚህ ማንም አላስቀመጠልኝም። ሄጄ ከወንጌል አማኞቹ ሚሲዮን ግቢ፣ ፊደል ከሚቆጥሩ ጎልማሶች ጋር ጭቃ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ከግድግዳው ወዲያ መዘምራኑ ይለማመዳሉ። እኔ ወዲህ «ሀ ሁ» እላለሁ፣ እነሱ ወዲያ የእኔን ዜማ ይላሉ። አስተማሪው እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ እየመታ፣ «አንተ አባት፣ አትወዛወዝ፣ ፊደሉን እይ!» ይለኛል። መጽሐፍ ማንበብ ከመቻሌ በፊት የገመዱን ስንኝ ጻፍኩ። አራቱ መስመር ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ከዘፈንኩት ይልቅ የጻፍኩት ነው የከበደኝ።

ዛሬ ከሆሳዕና እስከ ሺንሺቾ ይዘምሩታል። ማን ሠራው ብትል ያንን ቀጭን አስተማሪ ይነግሩሃል፣ አለዚያም ጌታን። እኔ አልከራከርም፤ ማንስ ያምነኛል፣ አዝማሪ የሚሉኝን ሽማግሌ። እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያናቸው አጥር በኩል ሳልፍ መዝሙሩ ከተጀመረ ግን እቆማለሁ። አንደኛውን ይወርዳሉ፣ ሁለተኛውን ይወርዳሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሁሉም፣ ትንሹም ትልቁም፣ ይቆማሉ። እስኪወርዱ ድረስ አብሬያቸው እቆምና መንገዴን እሄዳለሁ።